የአገሬ ሰው ቢያየኝስ?

እህቶቼ፣ አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ልጄን አጥብቼ ራሴ ጦሜን ያደርኩባቸው ቀናት ነበሩ። «ዊክ» የሚባል የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ድጋፍ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ግን «የአገሬ ሰው ቢያየኝስ?» እያልኩ ቀረሁ። በኋላ ጎረቤቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ወረፋው ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? የማኅበራችንን ሁለት አባላት!

ገቢዋ አነስተኛ ለሆነ ነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት እስከ 1 ዓመት፣ ለልጅም 5 ዓመት እስኪሞላው ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይገኛል። ምስር ወጡ ላይ ቲማቲም ጨምሩ፤ ሰውነት የምስሩን ብረት በደንብ እንዲወስድ ይረዳል። ቡናው ግን (አትቆጡኝ) ከምግቡ ትንሽ ቆይቶ ይፈላ።

ለማመልከት የከበዳት ካለች ከስብሰባው በኋላ ጠጋ ትበለኝ፤ አብሬአት እሄዳለሁ።