የገና አባት ደጅ ለሁሉም ሕፃናት ይከፈት

ቀዳሚ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ጄምስ ኤድጋር የተባለው ነጋዴ በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በብሮክተን ከተማ በሚገኘው መደብሩ የገና አባትን ልብስ ለብሶ ሕፃናትን ከተቀበለ ወዲህ እየሰፋ የመጣው ይህ ልማድ፣ ጩኸትና ብርሃን ለሚያስጨንቀው ኦቲዝም ላለበት ሕፃን በፍሥሐ ፈንታ መከራ መሆኑ እጅግ ያሳዝነኛል።

ካልእት አቅራቢ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ፤ ስለዚህም አንዳንድ የገበያ ማዕከላት ለሕዝብ ከመከፈታቸው አስቀድሞ፣ መብራቱን አደብዝዘው፣ ሙዚቃውን አጥፍተው፣ ቤተሰብ ያለ ሰልፍ በቀጠሮ የሚገባበትን ሰዓት መመደባቸው ምስጉን ምግባር ነው።

ቀዳሚ አቅራቢ፦ ሰዓቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ማለዳ ነውና፣ በዋሽንግተን አካባቢ ልጇን ይዛ ቅዳሴ የምታስቀድስ እኅታችን እንዴት ትድረስ?

ካልእት አቅራቢ፦ እንግዲያስ አስተዳዳሪዎቹ አንድ የሥራ ቀን ምሽት ይጨምሩ፤ ወላጆችም ሳያፍሩ ይጠይቁ።