የሕፃን አንጎል ሲያድግ ጂኖች እንዴት ይታዘዛሉ?

(ለተማሪዎች ስብሰባ የተነበበ ንግግር)



ብዙ ጂኖች ከመዘርዘር አንዱን ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል ብለናል። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የአንድ ሰው ሕዋሳት የያዙት የዘር ጽሑፍ በመሠረቱ አንድ ነው። የጉበትና የአንጎል ሕዋስ የሚለያዩት ከዚያው ጽሑፍ የሚነበበውና የሚዘጋው ክፍል ስለሚለያይ ነው። ከመዝጊያ ምልክቶቹም አንዱ ሜቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል በዲ ኤን ኤ ላይ መለጠፉ ነው። ምልክት ግን አንባቢ ከሌለው ምን ይጠቅማል? ሜክፒ 2 የተባለው ፕሮቲን ከነዚህ አንባቢዎች አንዱ ነው፤ በ1992 በአድሪያን በርድ ላቦራቶሪ ተገኘ።

በ1966 አንድሬያስ ሬት የተባለ የቪየና ሐኪም ስለ አንድ እንግዳ በሽታ ጻፈ። ሕፃኒቱ ደኅና ታድጋለች፤ ከ6 እስከ 18 ወር ሲሆናት ግን የጀመረችውን ቃል ትረሳለች፤ በእጇ መያዝ ትታ ሳታቋርጥ እጆቿን ታሻለች። በሽታው ከ10,000 ሴቶች ልጆች በግምት አንዷን ያገኛል። ቤይሩት ተወልዳ ሂውስተን የምትሠራው ሁዳ ዞግቢ ከባልደረቦቿ ጋር በ1999 ምክንያቱን አገኘች፤ ይኸውም የሜክፒ 2 ጂን መበላሸት ነው።

ጂኑ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ አሏት፤ በየሕዋሱ ግን አንዱ ገና በፅንስነቷ ይዘጋል። ስለዚህ ከሕዋሳቷ ገሚሱ ያህል በደኅናው፣ ገሚሱ በተበላሸው ይሠራሉ። አንድ ኤክስ ብቻ ባለው ወንድ ልጅ ላይ በሽታው እጅግ ይከፋል።

እንዲህ ያለች ልጅ ስትታይ በአገራችን «ቡዳ በላት» ይባላል፤ አለዚያም እናቲቱ በእርግዝናዋ ምን እንደ በላች ትመረመራለች። ጉድለቱ ግን በአብዛኛው ከወላጆች የሚወረስ ሳይሆን አዲስ የሚፈጠር ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ በአባት ዘር ውስጥ። ማንም አላጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የ2007ቱ ሙከራ ነው። የበርድ ቡድን ጂኑ የተዘጋባቸውን ሕመምተኛ አይጦች ወስዶ ጂኑን መልሶ ከፈተላቸው። ጎልማሶቹ ጭምር ብዙ ምልክቶቻቸው ጠፉ። ለካ የአንጎሉ ሕዋሳት አልሞቱም፤ ትእዛዝ ጎድሏቸው ኖሯል! አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም «በሕፃንነት የተጎዳ አንጎል አይመለስም» የሚለው አባባል ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው በድፍረት አይነገርም።

በ2023 በአሜሪካ ትሮፊኔታይድ የተባለ መድኃኒት ተፈቅዷል፤ ምልክቶቹን በመጠኑ ያቀልላል እንጂ ጂኑን አያድስም። ጂኑን ራሱን መጨመርስ? እዚህ ላይ ነገሩ እንደ ወጥ ጨው ነው። ሜክፒ 2 እጥፍ ሆኖላቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። እነርሱም በሌላ ከባድ የአንጎል በሽታ ይሠቃያሉ። በሰው ላይ የተጀመሩት የጂን ሕክምና ሙከራዎች የሚታገሉት ከዚሁ ከመጠን ጋር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕዋስ የሚበቃውን ያህል ሰጥቶ ማቆም።

ሥዕሉ ከሰሌዳው ገና አልጠፋም፤ ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።