ቤት በቤት ውስጥ፦ የጋይንት ቤተልሔምና መንደሯ



የስማዳዋ ወገዳ በምትጎራበተው በጋይንት ምድር ቤተልሔም የምትባል ጥንታዊት ደብር ትገኛለች። ስሟ በሊቃውንት ዘንድ የገነነው በዜማ ነው። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ፈጽሞ የሚያስመሰክረው በዚያ ነውና፤ ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ጋር የሚጠራው የቤተልሔም ዜማም መጠሪያውን ያገኘው ከዚህችው መንደር ነው። ለሕንፃ ባለሙያ ግን ደብሪቱ ሌላም ምሥጢር ይዛለች።

ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ስፍራው በደረሰ ጊዜ ከሩቅ የታየው እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሆነ የሣር ክዳን ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ባለ አራት ማዕዘን የሆነ፣ በመካከለኛው ዘመን የታነጸ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ታሪኩንም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አሰማ። ለውጭ ሰው ግኝት ይሁን እንጂ፣ ለካህናቱና ለተማሪዎቹ በየዕለቱ የሚቀደስበት ቤት ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የኋለኞቹ ሰዎች አሮጌውን አፍርሰው አዲስ አልሠሩም፤ አሮጌውን በአዲሱ አለበሱት። ዝናሙን የተቀበለው ውጫዊው ክዳን ነው፤ ጥንታዊው ግድግዳም በጥላው ሥር ኖረ። እንግዲህ ክዳኑ ተራ፣ ውስጡ ብቻ ቅርስ ነው ማለት ልብሱን ጥሎ ገላውን እንደ መጠበቅ ይቆጠራል።

የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስን ይሻል፤ ሣሩም፣ ከዳኙም በቅርብ መገኘት አለባቸው። ቆርቆሮ ይህን ድካም ያቀላል። ሆኖም ክረምት በገባ ጊዜ ዝናሙ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ ለተማሪው አይሰማም። ዜማ በጆሮ በሚወረስበት መንደር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ደብሪቱን ከሚከቡት ጎጆዎች ጋር ተማሪው ከተነቀለም ሕንፃው የተሠራለትን ሥራ ያጣል።

ጎረቤት ላስታም ምሳሌ ትሆናለች። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ ነው፤ ይሁን እንጂ የቅርሱ መግለጫ በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶችም ያነሣል። መቅደሱና መንደሩ ተነጣጥለው አይታዩምና።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለበት ስፍራ የተከለለ ቦታ ተብሎ እንዲሰየም መንገድ ይከፍታል። ክልል የሚያሰምር ባለሙያ መስመሩን ከድንጋዩ ግድግዳ ሥር እንዳያቆመው ይገባል። ክዳኑን፣ ቅጽሩን፣ የተማሪውን ጎጆና የከዳኙን ሙያ ያቀፈ ክልል ብቻ ቤተልሔምን በሙሉ ይጠብቃል። የቀደሙት አሮጌውን አክብረው አዲሱን ሠርተዋል፤ የዛሬው ባለሙያ ከዚህ ያነሰ እንዳይሠራ አደራ አለበት።