ከምሕንድስና ወደ ምት መሣሪያ
(በአምደወርቅ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ምሕንድስና እንዲማሩ ባሕር ማዶ ተልከው ሙዚቀኛ ሆነው ስለ ተመለሱት ስለ ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ዘመኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ሰሜን ዌልስ፣ ሊንዲስፋርን ወደሚባል ትምህርት ቤት ተላኩ። ትምህርት ቤቱ ከቀለም ትምህርት ጋር ሙዚቃም ያስተምር ስለ ነበር ተሰጥዎአቸው በዚያ ተገለጠ። ከለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ቀጥሎ በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በዚያ ከተማሩት አፍሪካውያንም የመጀመሪያው ናቸው።

ከምት መሣሪያዎች ሁሉ የመረጡት ቫይብራፎንን ነው። ይህ መሣሪያ ጫፋቸው በክር በተጠቀለለ በትሮች የሚመቱ የብረት ሰሌዳዎች አሉት። ከየሰሌዳው ሥር ግርጌው የተደፈነ ቱቦ ድምፁን ያጎላዋል፤ በቱቦው አፍ በሞተር የሚሽከረከረው ክብ ክዳን ደግሞ ያወዛውዘዋል። መሐንዲስም ሙዚቀኛም የተገናኙበት ዕቃ ነው።

በ1966 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ኩዊንቴት የተባለውን ባንድ መሥርተው «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት ሸክላዎች አወጡ። ከባዱ ጥያቄ የገጠማቸው በዚህ ጎዳና ላይ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በ5 ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው፤ የጃዝ ኅብረ ድምፅ ግን በ12 ድምፅ ላይ የተገነባ ነው። ጥንቃቄ ከጎደለ አዲሱ ጭነት ነባሩን ዜማ ያፈርሰዋል። እርሳቸው ዜማውን በ5ቱ ድምፆች እንደ ቆመ ትተው፣ ኅብረ ድምፁን ከሥሩ ድጋፍ አደረጉለት። ኢትዮ ጃዝ የተባለው ይህ ነው፤ በ1972 የወጣው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» ምስክሩ ነው።

ባቲና አምባሰል ለዋግ ሰው ሩቅ አይደሉም፤ ሁለቱም የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ጥያቄውም ሩቅ አይደለም። ወደዚህ ደጋ መንገድ ወይም የውኃ መስመር ስንዘረጋ፣ ገበሬው በድንጋይ የካበው እርከን ነባሩ ዜማችን ነው። ካቡን አፍርሰን በሲሚንቶ ከመተካታችን በፊት፣ የካበውን ሰው ውኃው በየት እንደሚወርድ እንጠይቀው። ድጋፍ ሆነን ልንገባ የምንችለው የቆመበትን ምክንያት ስናውቅ ብቻ ነው።

ሙላቱ ከምሕንድስና ጨርሰው አልራቁም። በ2000ዎቹ መጨረሻ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተጋብዘው፣ ክራርን ለማዘመን ከባለሙያዎች ጋር መክረዋል። መሐንዲስ ያልሆነው ተማሪ መሐንዲሶችን ሥራ ሰጣቸው። ስለዚህ ልጆቻችን ከሙያችን ሌላ ሲመርጡ ሙያችን ከሰረ አንበል።