ቁልፍ የሚያስገኘው ጊዜ
(ስለ በርና ስለ ተሽከርካሪ ጥበቃ የተደረገ ንግግር)



የሐረር ጁገል አምስት በሮች ሲመሽ ይዘጉ፣ ቁልፎቻቸውም ወደ አሚሩ ይወሰዱ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዪቱን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ጽፏል። ያን ጊዜ ንብረት በአንድ የጋራ ቅጥር ይጠበቅ ነበር። ዛሬ በገለምሶ ያለ ባለሱቅ ግን የቆርቆሮ በሩን ለብቻው፣ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል።

ታዲያ ጓጉንቸሩ ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ወቅት አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ፣ አይከፈትም ይባል የነበረውን የብራማን ቁልፍ 51 ሰዓት ያህል ደክሞ ከፍቶታል። ማናቸውም ቁልፍ እንግዲህ ለባለንብረቱ ጊዜ የሚያስገኝ ዕቃ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሰማ ሰው ከሌለ ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ይሁንና የትናንሽ ከተሞች ሌባ ከቁልፉ ጋር እምብዛም አይታገልም። ውዱ ጓጉንቸር የሚንጠለጠለው ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ከውጭ በሚታይ ስስ ብረት ላይ ስለሆነ፣ ቁልፉ ሳይነካ ብሎኑ ይፈታል። ብሎኑ መፍቻ የማይዘው ክብ ራስ ኖሮት በሩን አልፎ ከውስጥ በዳዶ ቢታሰር ወጪው ከባድ አይደለም።

ወደ ተሽከርካሪ ስንመጣ፣ ጫት ትኩስነቱ ሳይጠፋ ገበያ መድረስ ስላለበት መኪናው በችኮላ ይጫናል። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቢወርድ፣ የቁልፉን መለያ ካላወቀ ሞተር የማያስነሳው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ (በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው) ለዚያች ሰዓት አይረዳውም፤ ሞተሩ አስቀድሞ ተነስቷልና። በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ ድብቅ ማጥፊያ ሲገጠምም፣ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ያለ ኤሌክትሪክ ሊሠራ ስለሚችል፣ መቋረጥ ያለበት ነዳጁ ነው።

የማንቂያ ደወልም ባትሪ ከሌለው መብራት በጠፋበት ሌሊት ዝም ይላል። ነፋስ ቆርቆሮውን ባንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ይለምደዋል፤ ዘበኛውም ከመቀመጫው አይነሳም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የመኖሪያ ቤት ነው። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ተዘግቶ፣ በሩም ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፎ ሳለ ሌሊት እሳት ቢነሳ፣ ቤተሰቡ ጭስ በሞላበት ጨለማ ቁልፍ ሲፈልግ ሊያልቅ ይችላል። ለሌባ የተገዛው ጊዜ ያን ጊዜ ከልጆቹ ላይ ይቀነሳል። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚከፈት መቀርቀሪያ እንዲኖረው፣ ቢያንስ የአንዱ መስኮት ፍርግርግም በማጠፊያ ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ ብረቱ ከመበየዱ በፊት ለበያጁ መንገር ያስፈልጋል።