ከልጆቼ ጋር ሶል እና ፈንክ ስናዳምጥ



አዘጋጅ ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ ሥራና ቤተሰብን እንዴት አቻችዬ እንደያዝኩ ነበር። እውነቱን ለመናገር አላቻቻልኩም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያቻቻለ ካለ እጁን ያውጣ፤ መድረኩን እለቅለታለሁ። ስለዚህ ኮሚቴው ይቅርታ ያድርግልኝና የማውቀውን ልናገር፤ ስለ ሁለቱ ልጆቼ፣ ስለ ጄምስ ብራውንና ስለ ቢል ዊዘርስ።

ኢንተርን እያለን ተረኞች ክፍል ውስጥ ቴፑን የማስጮኸው እኔ እንደነበርኩ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ካሴቶቹ የአባቴ ነበሩ። አባዬ በአንዱ ገጽ ዓለማየሁ እሸቴን፣ በሌላው ገጽ ጄምስ ብራውንን ቀድቶ ይይዝ ነበር። ሁለቱን አንድ ካሴት ላይ ማኖሩ ልክ ነበረ። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን መሥርቶ የነዓለማየሁን ሸክላ ሲያሳትም፣ የአዲስ አበባ ወጣት ዘፋኞች የአሜሪካውን ሶል ጠግበው ሰምተውት ነበር። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ላይ ያለው ቅመም የሁለቱም አገር ነው።

ለልጆቼ የምሰጠው ሰዓት ጠዋት ብቻ ነው። ከቤት እስከ ትምህርት ቤታቸው በመኪና 40 ደቂቃ፤ መንገዱ ከተዘጋ አንድ ሰዓት። ጨዋታችን የተጀመረው እዚያ ነው። ጄምስ ብራውን ሙዚቀኞቹን ከአራቱ ምት የመጀመሪያውን ጠበቅ አድርገው እንዲመቱ ያዝዛቸው ነበር፤ የፈንክ አጥንቱም ይኸው ነው። ልጆቹም «አንድ» ሲመጣ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ማሙሽ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ በሁለት ሳምንት ያዘው። ከዚያ የኛን ችክችካ ስከፍትላቸው ግራ ገባቸው። እሱ በስድስት ነው የሚዞረው። «እማዬ፣ የዚህኛው አንዱ የት ነው?» ትለኛለች ትልቋ። እኔም ሳስብበት ሰነበትኩ። (የአንገት በላይ መምህራኖቼ እዚህ ስላሉ፣ ድምፁን ቀንሼ እንደማስከፍት ከወዲሁ ልመስክር።)

አክስቴ «ለሕፃን ደግሞ የምን ዘፈን ነው?» ትላለች። በጾም ወቅት ሐሳቧን ተቀብለን መዝሙር እናደርጋለን፤ ሲፈታ እንመለሳለን። ግጥሙን እየመረጥኩ እንደማሰማቸውም ነግሬያታለሁ። ስቲቪ ዎንደር እ.ኤ.አ. በ1973 «ሱፐርስቲሽን»ን ከነባንዱ ሰሳሚ ስትሪት በተባለው የልጆች ፕሮግራም ላይ ተጫውቷል፤ ሕፃናቱ እየዘለሉ። ቪዲዮውን አሳየኋት። «ጨዋ ይመስላል» አለች።

ትልቋ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናት መንተባተብ ጀመረች።

እኛ ሐኪሞች ምን እንደምንል ታውቁታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ አብዛኞቹን ልጆች ይተዋቸዋል፤ ወላጅ በትዕግሥት ያዳምጥ፤ «ረጋ በይ» አይበል፤ ቃሏን አይጨርስላት። ይህንን ለስንት እናት ተናግሬያለሁ! ራሴ ግን መሪ ጨብጬ፣ ሰዓት ረፍዶብኝ፣ ቃሉን ከአፏ እነጥቃት ነበር። አንድ ቀን «እማዬ፣ ው... ው... ው...» ስትለኝ «ውሃ? እንኪ ውሃ» ብዬ ኮዳውን ወደ ኋላ አቀበልኳት። ውሃ አልነበረም። መንገድ ዳር ውሻ አይታ ልታሳየኝ ነበር። ውሻው አለፈ። ኮዳውን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ ወሬዋ እየቀነሰ መጣ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋ ወሰድኳት፤ አሁንም እንሄዳለን። ስትዘፍን ግን አትንተባተብም፤ ይህ ብዙዎቹ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ ዘፈኑን አላቋረጥንም።

ቢል ዊዘርስን ያመጣሁት በዚያን ጊዜ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የከሰል ማዕድን አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1938 ተወለደ። ባሕር ኃይል አገልግሏል፤ ከዚያም የአውሮፕላን መጸዳጃ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። (ማሙሽ ከታሪኩ ሁሉ የወደደው ይህችን ነው።) ሃያዎቹን ሊጨርስ እስኪቃረብ ድረስም ይንተባተብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» መሃል ላይ ገና ግጥም ሊጽፍለት ያሰበው ቦታ ነበረው፤ እዚያ ጋ ለጊዜው ሁለት ቃል ብቻ እየደጋገመ ዘፈነ። አብረውት የነበሩት ሙዚቀኞች እንዳለ ተወው አሉት፤ ተወው። ሁለቱ ቃላት 26 ጊዜ ይመላለሳሉ።

ይህንን ስነግራት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሲያልቅ «እ... እሱም እንደኔ ነበር?» አለችኝ። ነበር አልኳት። ዘፈኑ ላይ ያለው ግን መንተባተብ እንዳልሆነ፣ ፈልጎ የደገመው እንደሆነ አስረዳኋት፤ ሐኪም ነኝና ሳላስተካክል አላልፍም። እሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ኖሯል።

«ማ... ማንም አልጨረሰለትም» አለች።

መኪናውን ዳር አስይዤ አለቀስኩ የምል ይመስላችሁ ይሆናል። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ድሮም ቆሜያለሁ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ፣ አንደኛ ክፍል ሳለች፣ ትምህርት ቤቷ ወላጆችን ጠርቶ ነበር። ልጆቹ አጭር ግጥም ያነባሉ። መምህርቷ ለሷ አዝና ድርሻዋን ሌላ ልጅ ቢያነብላትስ ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም፣ አልደብቃችሁም፣ ልስማማ ነበር። ትልቋ እምቢ አለች። ወጣች፤ ሁለት መስመር አነበበች፤ ሦስተኛው ላይ ያዛት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ቤት ስናጠናው ሰንብተናል፤ ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ጥርሴን ነክሼ እንደ ልማዴ ሰዓቴን አየሁ። 11 ሰከንድ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት «አይዞሽ» ሊሏት ሲነሡ ትከሻቸውን ያዝኳቸው። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።

ቃሉን አወጣችው፤ ቀጠለች፤ ጨረሰች፤ እጅ ነሥታ ወረደች።

ዛሬም ትንተባተባለች። ዘፈን አዳናት ብዬ ብናገር መምህራኖቼ ዲግሪዬን ይቀበሉኛል። መኪና ውስጥ ግን ወሬው ተመልሷል፤ እኔም እጠብቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን እረፍዳለሁ። አሁን ጭቅጭቁ ሌላ ነው። ማሙሽ 25 ጊዜ ነው ይላል፤ እህቱ ጣቷን እያሳየች 26 ትላለች፤ ለማረጋገጥ በየጠዋቱ እንደገና ማስከፈት ግድ ሆኗል።