የጠራ ውኃና የጸዳ ውኃ፦ የአልትራቫዮሌት መብራት በዓሣ ገንዳ



በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያኖር ሰው ከሚያጋጥሙት ችግሮች መካከል እንደ ውኃው አረንጓዴ መሆን የሚያበሳጭ ጥቂት ነው። ትናንት ዓሦቹ ከዳር እስከ ዳር ይታዩበት የነበረው ገንዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጎመን ቅቅል ውኃ ይመስላል። ባለቤቱ ግማሹን ቀድቶ ይደፋል፤ በምትኩ አዲስ ውኃ ይጨምራል፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ አረንጓዴው ተመልሶ ይገኛል።

ቀለሙን የሚሰጡት በውኃው ውስጥ ተንሳፈው የሚኖሩ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ክሎሬላ ስፋቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ብቻ በመሆኑ ተራው የስፖንጅ ማጣሪያ አይዘውም። ብርሃንና ምግብ ከተመቸው ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የተደፋውን ግማሽ የቀረው ግማሽ በማግሥቱ ይተካዋል ማለት ነው።

ብርሃን ጥቃቅን ሕዋሳትን እንደሚገድል ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1877 ዳውንስና ብላንት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚያጠፋ አስረዱ፤ በ1910 በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ የመጠጥ ውኃን በአልትራቫዮሌት ለማከም ተሞከረ። በዓሣ ገንዳ የሚሠራበት መሣሪያም የዚሁ ልጅ ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ አምፑል በ254 ናኖሜትር ገደማ ጨረር ያወጣል፤ ጨረሩ የሕዋሱን ዲ.ኤን.ኤ. ስለሚያበላሽ ሕዋሱ መባዛት ይሳነዋል። ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ አምፑሉ በኳርትዝ ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል፤ ውኃውም በፓምፕ እየተገፋ በሽፋኑ ዙሪያ ያልፋል።

መሣሪያው እንዴት እንደሚያሸንፍ በአንድ ስሌት ማየት ይቻላል። 200 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ላይ በሰዓት 400 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ተገጥሟል እንበል። በቀን የሚያልፈው ውኃ የገንዳውን 48 እጥፍ ያህላል። በእያንዳንዱ ማለፍ ከመቶ ሁለት አልጌ ብቻ ቢሞት እንኳ፣ በቀን እጥፍ ከሚሆነው ዕድገት ይልቅ ጥፋቱ ይበልጣል። ደካማ መብራት ሳይቀር አረንጓዴን ውኃ የሚያጠራው ስለዚህ ነው። የሞቱት ሕዋሳት ተጣርተው ወይም ዘቅጠው እስኪያልቁ ድረስ ግን ጥቂት ቀናት መታገሥ ያስፈልጋል።

መሣሪያው «ማምከኛ» መባሉ ግን የተጋነነ ነው። ውኃው እየተቀላቀለ ስለሚዞር፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 200 ሊትር በመብራቱ አጠገብ ሲያልፍ ከመቶው 37 ያህሉ የገንዳ ውኃ አንድ ጊዜም ሳያልፍ ይቀራል። ለአልጌ ይህ አያስጨንቅም፤ ነገ ይያዛል። በዓሣ ቆዳ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተውሳክ ግን በመብራቱ ሳያልፍ ዓሣ ሊያገኝ ይችላል፤ በቆዳ ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ከነጭራሹ አያልፍም። በመስታወትና በድንጋይ ላይ የተለጠፈ አልጌም እንደዚሁ ነው። በማጣሪያው ውስጥ ተጣብቀው አሞንያን የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም በዚሁ ምክንያት ይተርፋሉ።

አደጋው ያለው ውኃው ከጠራ በኋላ ነው። አልጌው በሕይወት ሳለ አሞንያን እየተመገበ ነበር። በአንድ ጊዜ ሲሞት ተመጋቢው ጠፋ፤ ሬሳው ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅን ይወስዳል፣ አሞንያም ይጨምራል። ገንዳው እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ከውኃው ገጽ ለመተንፈስ የሚታገሉበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ በጥራቱ ሲደሰት ዓሦቹ ይታፈናሉ። ስለዚህ መብራቱ በሚሠራበት ሳምንት አየር መንፊያው ሌት ተቀን መሥራት፣ ማጣሪያው መታጠብ፣ አሞንያው መለካት፣ ምግቡም መቀነስ አለበት። ማጣሪያው ሲታጠብ ግን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይሁን፤ አለዚያ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች አብረው ያልቃሉ። መብራቱ ናይትሬትንም ፎስፌትንም አያስወግድም። ገንዳው ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ካልተነሣ፣ ዓሦቹም ከመጠን በላይ መቀለባቸው ካልቆመ፣ መብራቱ በጠፋ ማግሥት ችግሩ ከነበረበት ይቀጥላል።

አረንጓዴ ውኃ በራሱ ክፉ ነው ማለትም አይደለም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚኖረው ቆሮሶም ከሚመገባቸው ዋነኞቹ ተንሳፋፊ አልጌዎች ናቸው። ለዓሣ ጫጩት ምግብ የሚሆነውን ዳፍኒያ የሚያረቡ ሰዎችማ ሌላው የሚያማርረውን ይህን ውኃ ሆን ብለው ያዘጋጃሉ።

የመሣሪያውን አያያዝ በተመለከተ፣ አምፑሉ ሰማያዊ ብርሃኑን ሳያቋርጥ የመግደል ኃይሉ ሊደክም ስለሚችል በዓይን አይታመንም። ያለማቋረጥ የሚሠራ አምፑል በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይለወጣል። በኳርትዙ ላይ የሚጋገረው ኖራ ጨረሩን ስለሚጋርድ በየጊዜው በኮምጣጤ ይወገድ። በውኃው ውስጥ መድኃኒት ሲጨመር መብራቱ ይጥፋ፤ አንዳንዶቹን መድኃኒቶች ጨረሩ ያፈርሳቸዋልና። ሽፋኑ ከመከፈቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል፤ የበራ አምፑል ለአጭር ጊዜም ቢሆን በቀጥታ ሲታይ ዓይንን ያቆስላል። አሮጌው አምፑል ሜርኩሪ ስለያዘ ሳይሰበር ለብቻው ይቀመጥ እንጂ ከቤት ጥራጊ ጋር አይጣል።